የጠቆረው ስንዴ

ደብረ ማርቆስ ከምኖርበት ሰፈር ወደ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ላይ አንድ ወፍጮ ቤት አለ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ገና ከድንጋይ የወጣ የትኩስ ጤፍ ዱቄት ሽታ ይቀበለኛል፣ እግሬም ሳላስበው ዝግ ይላል። ይህ ሽታ ለብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጥጋብን ይመስለኛል። እኔን ግን በመጀመሪያ የሚይዘኝ ፍርሃት ነው፤ ከፍርሃቱ ኋላ ደግሞ ሰው አዝሎ ዳገት የሚወጣው የአባቴ ጀርባ ይታየኛል።

ያደግኩት ሉማሜ ነው። አባቴ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ነበረው፣ መኖሪያችንም ከወፍጮ ቤቱ ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ የተያያዘ ስለነበር ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ የእኛም ቤት ሳህን አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ገበሬው ሁሉ «አያ ቢያድግልኝ» ይለው ነበር። ብዙ የማይናገር፣ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ከዱቄት ስለማይለዩ ከዕድሜው በፊት ያረጀ የሚመስል ሰው ነበር። እኔ የበኩር ልጁ ትርንጎ ስሆን፣ ከእኔ በታች ገና ጡት ያልጣለ ወንድም ነበረኝ።

ክረምት ሲገባ የወፍጮው ሥራ ይቀዘቅዝ ነበር። ገበሬው ጭቃውን ፈርቶ ለሳምንት የሚበቃውን ያህል ብቻ በትንሽ ስልቻ ተሸክሞ ይመጣል። አይጦቹ ግን የሚበረቱት ያኔ ነበር፤ ዝናቡ ጉድጓዳቸውን ሲሞላባቸው ደረቅና ሙቅ ቦታ እየፈለጉ ወደ እኛ ይገቡና በግድግዳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ድምፃቸው ይሰማን ነበር። እናቴ ቀዳዳውን በእሾህና በአመድ እየጠቀጠቀች በጭቃ ስትመርገው፣ እነሱ በሌላ በኩል ይከፍቱት ነበር። የጓዳዋ አይጥ እንኳ ትንሽ ነበረች፣ ጮክ ብለው ከተናገሩ ትሸሻለች። የወፍጮ ቤቱ አይጥ ግን ጅራቱን ሳይጨምር ከስንዝር የሚበልጥ፣ ሰው ሲያይ የማይደነግጥ፣ ቆም ብሎ አይቶን በዝግታ ወደ ጨለማው የሚገባ ነበር።

አንዲት ግራጫ ድመት ነበረችን። እሷ እያለች አባቴ ስለ አይጥ ሲያስብ አይቼው አላውቅም። በኅዳር ወር፣ አጨዳው ባለቀበትና እርሻው ራቁቱን በቀረበት ሰሞን፣ ያቺ ድመት ዋናውን መንገድ ስታቋርጥ መኪና ገጫት። ኅዳር ደግሞ የሜዳው አይጥ ሁሉ እህሉን ተከትሎ ወደ ሰው ቤት የሚሰደድበት ጊዜ ነበር። አባቴ ከገበያ የብረት ወጥመድ ገዝቶ በየጥጉ አጠመደ፣ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ያዘለት፣ ከዚያ በኋላ ግን አይጦቹ ወጥመዱን እየዞሩ የሚሄዱበትን መንገድ ተማሩት።

ጥር ላይ ውቂያው አልቆ ሠርጉም ተዝካሩም ሲደራረብ ወፍጮው ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም ነበር። ተራ ያልደረሳቸው ሰዎች እህላቸውን ግድግዳው ሥር አስጠግተው ትተውት ይሄዱና በማግስቱ ይመለሱ ነበር። አንድ ቀን አንድ ገበሬ ጆንያውን ሲያነሳ ታችኛው ጥግ ተቦርቡሮ ጤፉ እግሩ ሥር ፈሰሰ፣ በጤፉም መካከል የአይጥ ቆሻሻ ነበረበት።

«አያ ቢያድግልኝ» አለ ሰውየው ድምፁን ሳያነሳ፣ «እኔ ያመጣሁልህ ልትፈጭልኝ ነው፣ አይጥ ልትቀልብበት አይደለም።»

የቀረውን ጤፍ አህያው ላይ ጭኖ ወደ ሌላው ወፍጮ ሄደ። በዚያው ሳምንት ሁለት ሌሎች ተከተሉት። አባቴ በሚቀጥለው ገበያ በወረቀት የተጠቀለለ ጥቁር ዱቄት ይዞ መጣ።

እናቴ ወረቀቱን ስታይ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። «እህል ባለበት ቤት መርዝ አይገባም» አለችው። «ድመት እናፈላልግ።»

«ድመቷ እስክታድግ ደንበኛው ያልቃል» አላት።

ከዚያ በላይ አልተከራከሩም። አባቴ ዱቄቱን በስንዴ ለውሶ፣ ስንዴው ጥቁር ሆኖ ሲደርቅ በገል ላይ ያደርገውና፣ ማታ ሥራ ሲቆም ወፍጮ ቤቱ ጥግ ያስቀምጠው ነበር። በላዩ ላይ አፉ የተሸረፈ አሮጌ የሸክላ ድስት ይደፋበታል፤ በሽርፉ በኩል አይጥ ትገባለች፣ ዶሮ ወይም የሰው እጅ ግን አይደርስም፣ አይጧም እዚያው ትበላለች እንጂ ይዛ አትዞርም ይል ነበር። ጠዋት ከሁሉ በፊት ገሉን አንስቶ ፍሬውን ካየ በኋላ ነበር በሩን ለሰው የሚከፍተው። በሳምንት ውስጥ የሞቱትን አይጦች በአካፋ እያወጣ ከጓሮ ቀበራቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴም ትንሽ ፊቱ ፈታ አለ።

ያንን ድስት ግን እኔ ወደድኩት። ቀን ቀን ሥራ ፈት ሆኖ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስለማገኘው፣ አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ጓሮ ወስጄው የዕቃ ዕቃ መጫወቻ አደረግኩት። ጭቃ በጥብጬ ሞላሁበት፣ ቅጠል ከትፌ ጨመርኩበት፣ በሦስት ድንጋይ ላይ ጣድኩት። መሸትሸት ሲል አባቴ አንድ የመጨረሻ ደንበኛ እየሸኘ ከበሩ ላይ ጠራኝ።

«ትርንጎ፣ ገሉን አስቀምጬዋለሁ። ድስቱን ድፊበት።»

ወደ ጓሮ ሄድኩ። ድስቱ እስከ አፉ ጭቃ ነበር፣ የለፋሁበትንም መድፋት አሳሳኝ። ደግሞም ማጠብ ነበረብኝ፣ ብርዱም ጀምሮ ነበር። ለአንድ ቀን ምን ይሆናል ብዬ ተመለስኩ።

«ደፋሽበት?» አለኝ።

«ደፍቻለሁ» አልኩት።

በማግስቱ ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ደንበኞች በሩን ስላንኳኩ፣ አባቴ ጥጉን ሳያይ ሞተሩን አስነሳ። ሁልጊዜ የሚያደርገውን ረስቶ የማያውቅ ሰው ያን ቀን ለምን እንደረሳው እሱም አያውቀውም ነበር። መጀመሪያ የተፈጨው የእትዬ ደብሬ ጤፍ ነበር፣ ከማታው ጀምሮ እዚያ ጥግ ያደረ ሁለት ጆንያ። እትዬ ደብሬ ከከተማው ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ካለ መንደር የምትመጣ፣ ባሏን በቅርቡ የቀበረች ሴት ስትሆን፣ እህሉም ለሐሙሱ ተዝካሩ ነበር። ልጇ ባንቺአየሁ፣ እኛ ባንቺ የምንላት፣ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ የምትቀመጥ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነበረች። ከእሷ ቀጥሎ ጎረቤታችን የሆነ መምህር፣ ቀጥሎም ጠላ የምትጠምቅ አንዲት ሴት አስፈጩ።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሰው ፋታ ሰጠ። አባቴ የወፍጮውን አፍ ሊጠርግ ጎንበስ ብሎ መጥረጊያውን እንደያዘ ቆመ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። በሁለት ጣቱ አንስቶ መዳፉ ላይ አደረገው፤ ሁለት የጠቆሩ የስንዴ ፍሬዎች ነበሩ። ሞተሩን አጠፋው። ወደ ጥጉ ሄዶ ገሉ ተገልብጦ፣ ፍሬው እዚህም እዚያም ተበትኖ አገኘው፤ ጆንያዎቹ ከቆሙበት ቦታም ጥቂት ፍሬዎች ለቀመ። አይጦቹ የበሉትን በልተው የቀረውን ወደየጆንያው አጓጉዘውት ነበር።

«ድስቱን ደፍተሽበት አልነበረም?» አለኝ።

«ደፍቼ ነበር» አልኩት።

አባቴ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም። እናቴን ጠርቶ ወደ መምህሩና ወደ ጠላ ጠማቂዋ ቤት እንድትሮጥ፣ ዱቄቱን አንድም ሰው እንዳይነካው እንድትነግራቸው አዘዛት። እናቴ ወንድሜን እንዳዘለች ወጣች። አባቴ የወፍጮ ቤቱን በር ዘጋ። በር ላይ ያን ጊዜ የደረሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ «ዛሬ አይፈጭም፣ መርዝ ገብቶበታል» አላቸው፣ እንዲሁ በግልጽ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አባቴም የእትዬ ደብሬን ቤት የማውቀው እኔ ስለነበርኩ እጄን ይዞ ቁልቁል መንገድ ጀመረ።

በደረቁ የጥር አቧራ ውስጥ ከእሱ እርምጃ ጋር ለመድረስ ሶምሶማ እሮጥ ነበር። ሁለተኛውን ኮረብታ ስንወርድ ባንቺ ታየችኝ፣ ሳቋም፣ ቆሎዋን ከእኔ ጋር የምትካፈልበት እጇም ታየኝ፣ ማልቀስም ጀመርኩ።

«አባዬ፣ ድስቱን አልደፋሁትም። ስጫወትበት ጭቃ ሞልቼበት ነበር። ዋሽቼህ ነው።»

ይቆማል፣ ይመታኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን አልቆመም። ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም። ትንሽ ከሄድን በኋላ ብቻ፣ «እንግዲያው ቶሎ ቶሎ ርገጪ» አለኝ።

እትዬ ደብሬ ቤት ስንደርስ የጎረቤት ሴቶች በግቢው ተሰብስበው ዱቄት እየነፉ ነበር፣ ወንፊቱ ሲመታም ከሩቅ ተሰማን። ወንዶች ዳሱን ለመሥራት እንጨት ይተክሉ ነበር። አባቴ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ገባ።

«እትዬ ደብሬ፣ ከዱቄቱ የቀመሰ ሰው አለ?»

እሷ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ምነው አያ ቢያድግልኝ? ምን ሆነህ ነው?»

«የአይጥ መርዝ ሳይገባበት አልቀረም። ከወፍጮው አፍ ላይ አግኝቻለሁ። የቀመሰ አለ?»

ወንፊቱ ጸጥ አለ። እትዬ ደብሬ ወደ ቤቱ ጥላ ዞር አለች፣ ሁላችንም ወደምታይበት አየን። ባንቺአየሁ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ገና ከተፈጨው ዱቄት እናቷ የጋገረችላትን ቂጣ ግማሹን በልታ፣ ግማሹን በእጇ ይዛ ነበር። ስታየኝ ደስ ብሏት ፈገግ አለች።

አባቴ ሄዶ አጠገቧ በርከክ አለና ቂጣውን ከእጇ ቀስ ብሎ ወሰደ፣ በኪሱ አስገባው። ዳስ ከሚሠሩት አንዱ፣ የሟቹ ወንድም፣ መጥረቢያውን እንደያዘ ቀረበ።

«ማነው መርዝ ከእህል ጋር ያስቀመጠ?» አለ።

አባቴ ቀና ብሎ አየው። «እኔ ነኝ» አለ። «መክደን ሲገባኝ ሳልከድነው ቀረሁ።»

እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። አፌን ከፍቼ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፣ አልቻልኩም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለውን አዋቂዎች ሲሉ እሰማ ነበር፣ ትርጉሙ የገባኝ ግን ያን ጊዜ ነው። ሰውየው መጥረቢያውን መሬት ላይ ጣለው፣ «ከልጅቱ በኋላ እንነጋገራለን» አለ።

አባቴ ባንቺአየሁን በጀርባው አዝሎ ወደ ሉማሜ ጤና ጣቢያ ተነሳ። በበቅሎ እንውሰዳት ያሉ ነበሩ፣ በቅሎዋ ግን ከመንደር ወጥታ ነበር፣ እሱም እስክትመጣ አልጠበቀም። ቁልቁል የወረድነውን ዳገት ሽቅብ ወጣው። ሁለት ወጣቶች እየተከተሉ «አምጣ እንቀበልህ» ይሉታል፣ እሱ እምቢ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ትንፋሹ ሲያፏጭ እሰማው ነበር። እትዬ ደብሬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከጎኑ ትሄዳለች፣ አላለቀሰችም፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። የባንቺ አንድ እግር የላስቲክ ጫማ መንገድ ላይ ወልቆ ወደቀ፣ አንስቼ በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ትርንጎ» አለችኝ ከላይ ሆና፣ «እኔ እኮ ሆዴንም አላመመኝም።»

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሱ ቂጣውን አይቶ፣ ስለ መርዙ አባቴን ጠይቆ፣ ልጅቱን አስተኛት። የሚሆነውን መጠበቅ እንዳለብንም ነገረን። አባቴ ከውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ምግብ ይዛ መጣች፣ መምህሩም ጠላ ጠማቂዋም ዱቄቱን ሳይነኩት እንደደረሰችባቸው ነገረችው፣ እሱ ራሱን ነቀነቀ፣ ምግቡን ግን አልነካም። በማግስቱ እሑድ ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ ከዚያ ድንጋይ አልተነሳም። ባንቺ አላስታወከችም፣ አላተኮሳትም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተነስታ ጫማዬ የት አለ ብላ ጠየቀች። መርዙ ዱቄቱ ውስጥ ሳይገባ ቀርቶ ይሁን፣ ያቺን ቂጣ ብቻ አልፏት ይሁን፣ ነርሱም ማወቅ አልቻለም። እስከ ዛሬም አላወቅንም። አባቴ ዱቄቱን ለዶሮ ሰጥቶ እንዲፈትነው የመከሩት ነበሩ፣ «የምጥለውን እህል ምን ብዬ እፈትነዋለሁ» አላቸው።

የሦስቱንም ቤት ዱቄት ሰብስቦ ከወገቡ በላይ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ቀበረው፣ ድንጋይም ጫነበት። በምትኩ የእኛን ጎተራ ከፈተ። እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ጤፉን አበጥራ ለቅማ አዘጋጀች፣ አባቴም ሰኞ ጠዋት በአህያ ጭኖ ደንበኞቹ ወደ ሄዱበት ወደ ሌላው ወፍጮ ወሰደው። የዚያ ወፍጮ ባለቤት ከሁሉ በፊት ተራ ሰጠው። አባቴ በሌላ ሰው ወፍጮ ፊት ቆሞ ሲጠብቅ ያየሁት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ተዝካሩ በሐሙሱ ተደረገ።

በእነዚያ ቀናት አንድ ጠዋት እናቴ ከጓሮ ሦስቱ ድንጋይ ላይ ድስቱን አገኘችው። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። እኔን አየችኝ፣ ድስቱን አየች፣ ከዚያም አንስታ ከድንጋዩ ጋር ሰባበረችውና ገሉን በአካፋ ሰብስባ ጣለችው። አባቴም አልነገራት፣ እሷም አልጠየቀችው፣ በቤታችን ስለዚያ ድስት ከዚያ በኋላ ነገር ተነስቶ አያውቅም።

ጾሙ ሲገባ ወፍጮው ጸጥ ብሎ ነበር። አባቴ ድንጋዩን አውርዶ አጠበ፣ በፀሐይ አሰጣው፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ በመሮ እንደ አዲስ ወቀረው። የመሮው ድምፅ ቀኑን ሙሉ ሲንቋቋ ይውል ነበር፣ የሚሰማው ደንበኛ ግን አልነበረም። ሰው «የመርዙ ወፍጮ» ይለው ጀመር። በትምህርት ቤትም ልጆች ከእኔ ቂጣ አይቀበሉም ነበር። ባንቺ ግን ከአጠገቤ አልተነሳችም፤ እኔ ነበርኩ ዐይኗን ማየት የከበደኝ። አባቴ በየቀኑ በሩን ከፍቶ፣ ጠርጎ፣ ወፍጮው አጠገብ ተቀምጦ ይውልና፣ ማታ ይዘጋው ነበር። እናቴ ለሌላ ሥራ ብትመክረውም «ትንሽ እንጠብቅ» ይል ነበር።

ፋሲካ አልፎ ግንቦት ሲጋመስ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ መንገዱ በሰው በሞላበት ሰዓት፣ እትዬ ደብሬ አህያዋን እየነዳች ከበራችን ቆመች። ባንቺም አብራት ነበረች። ጆንያውን ራሷ አወረደችው።

አባቴ ተነስቶ አልተቀበላትም፤ እዚያው እንደቆመ፣ «እትዬ ደብሬ፣ ማዶ እኮ ሌላ ወፍጮ አለ። ልብዎ ካልፈቀደ አይገደዱ» አላት።

«ልቤ ስላልፈቀደ ነው ከማዶ የቀረሁ» አለችው። «ማንም ሰው ይሳሳታል። የተሳሳተ ዕለት ግን ማን እንደሚነግረኝ አላውቅም። አንተ ትነግረኛለህ።»

አባቴ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረ። ሞተሩን ለማስነሳት ከወትሮው በላይ ቆየ። ሲነሳ መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ አየ፣ እትዬ ደብሬም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ መካከል ቆማ ሁሉም እንዲያያት አደረገች። በዚያ ሳምንት ሦስት ሰዎች መጡ፣ በሚቀጥለው ከዚያ የበለጡ። ክረምቱ ሳይገባ አባቴ በወፍጮ ቤቱ ውስጥ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ሠራ፣ የርብራቡን እግሮችም አይጥ እንዳትወጣባቸው በቆርቆሮ ጠቀለላቸው። ከአንዲት ጎረቤት ሁለት የድመት ግልገሎች አገኘን። ወጥመዱን በየጠዋቱ የማየው እኔ ሆንኩ፣ ማንም አላዘዘኝም።

አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ወፍጮው ዛሬ በመብራት ይሠራል፣ ወንድሜ ነው የያዘው። ለቅሶው ላይ እትዬ ደብሬ አርጅታ፣ በባንቺ ተደግፋ መጥታ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠች። እውነቱን ልነግራት ሁለት ጊዜ ቀረብኩና ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። አባቴ ጥፋቱን የራሱ አድርጎ በሕዝብ ፊት ከወሰደው በኋላ፣ መልሼ የራሴ ማድረግ እሱን ውሸታም ማድረግ መስሎኝ ይሆናል፣ ወይም ያው የልጅነት ፍርሃቴ ይሆናል፣ አላውቅም።

እኔ ደብረ ማርቆስ አነስተኛ ዳቦ ቤት ከፍቻለሁ። ዱቄቱ ከፋብሪካ በተሰፋ ከረጢት ተጭኖ ይመጣል፣ ማን እንዳረሰው አላውቅም። አይጥ እዚህም አለ። የአይጥ መርዝ ሻጩ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በደጄ ሲያልፍ ሠራተኞቼ ለምን እንደማልገዛ ይጠይቁኛል፤ ወጥመድ ልፋት ነው፣ በየቀኑ ማየት ይፈልጋል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የእኔ ዳቦ ግን ጠዋት ከመስኮቱ ይወጣና የተማሪ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ሆቴል ይገባል፣ በአውቶቡስ ባሕር ዳር ይሄዳል፣ አዲስ አበባ ይሄዳል። አባቴ ያን ቀን ወፍጮውን ሲያቆም የሦስቱንም ሰዎች ቤት ያውቅ ነበር፣ በእግሩም ሊደርስባቸው ይችል ነበር። እኔ ከምሸጥላቸው አብዛኞቹን በመልክ እንጂ በስም አላውቃቸውም፤ ከእጄ አንድ ነገር ቢያመልጥ በማን ደጃፍ እንደምቆም አላውቅም።

ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ገዢው ዳቦውን ተቀብሎ ሊሄድ ሲል፣ «ቤታችሁ በየት በኩል ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ምን ልታደርግበት ነው ብሎ ያየኛል። አንዳንዱ ደግሞ በእጁ ወደ አንዱ አቅጣጫ ያሳየኛል፣ እኔም ከመስኮቱ ወጣ ብዬ እጁ የሚያሳየውን መንገድ አያለሁ።